«ገና በሽታ ነው እንዴ?»፦ ለደብራችን አስተዳደርና ለሰበካ ጉባኤው የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ግንቦት 2018 ዓ.ም.
ሜሪላንድ፣ ሰሜን አሜሪካ

ለተከበሩ የደብራችን አስተዳዳሪ፣ ለካህናትና ለዲያቆናት፣ ለሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢና አባላት

ጉዳዩ፦ ምእመናን ለአሠሪና ለትምህርት ቤት የሚያቀርቡት የበዓላት ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው፣ ጥምቀትም በዕለቱ እንዲታሰብ ስለ መጠየቅ

አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ደብራችንን ለማሳጣት ብዬ አይደለም። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ቢሮ መጥቼ በቃል ጠየቅሁ፤ በሁዳዴ አጋማሽ ደግሞ በጽሑፍ ጠየቅሁ። ሁለቱንም ጊዜ ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፦ «ደብሩ በሰው የሥራ ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፤ ጉባኤው ወስኗል።» መልሱ ለእኔ ብቻ የተሰጠ ቢሆን ኖሮ ዋጥ አድርጌው እቀር ነበር። ነገር ግን ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ይዘን ነገሩን ባነሣሁት ቁጥር ያንኑ መልስ ያገኘ ሌላ ሰው አላጣም፤ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራው፣ ሆስፒታል ሌሊት የምታድረው፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሣ የሚውለው። ነገሩ የብዙዎቻችን ስለሆነ ብዙዎች እንዲያነቡት ጻፍሁት።

እኔ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የምሠራ ረዳት ነርስ ነኝ። አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። አሠሪዎቼን ለመክሰስ አልተነሣሁም፤ ክርስቲያን በመሆኔ የሰደበኝም የገፋኝም የለም። ይህ ሀገር አያውቀንም እንጂ አያሳድደንም። የሥራ ቦታው የሚያውቀው ሰዓትና ስኬጁል ነው፤ ዓርብን ከማክሰኞ፣ ሁዳዴን ከፋሲካ አይለይም። እንዲህ ባለ ቦታ እምነትን መኖር በአብዛኛው አፍን ከፍቶ መናገር ነው፦ ዛሬ እጾማለሁ፣ ነገ በዓሌ ነው፣ ይህች ክር ማተቤ ናት ማለት። እኔ ግን ባለፉት ጥቂት ወራት ውስጥ ስለ ሃይማኖቴ ሦስት ጊዜ ዋሽቻለሁ። ሦስቱንም እዚህ እዘረዝራለሁ፤ ለንስሐ አባቴ ቀድሜ ነግሬአለሁና አትደንግጡ።

የመጀመሪያው ትንሽ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ ብዙ ጊዜ ከቴንክስጊቪንግ ጋር ይገጣጠማል። ዘንድሮ በኅዳር ጾሙ ሰኞ ገባ፤ ሐሙስ የሥራ ባልደረቦቼ ከየቤታቸው ምግብ አምጥተው ዕረፍት ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ሞሉ። ቱርኪው፣ በቅቤ የራሰው ድንች፣ ክሬም የተደፋበት ኬክ። «ብዪ እንጂ!» ሲሉኝ «ቪጋን ነኝ» አልሁ። ስለ ነቢያት ጾም ከማብራራት ይህ ይቀላል፤ አንድ ቃል ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ያከብረዋል። ታዲያ ፋሲካ ካለፈ በኋላ የተረፈ ዶሮ ወጥ ይዤ ገብቼ ሳሞቅ አንዷ ደንግጣ «ቪጋንነትሽን ተውሽው?» አለችኝ። ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን አሰብሁት። አምስት ወር ሙሉ እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት አመጋገቤን ነው፤ እግዚአብሔርን ስለምለምንበት ጾም አንዳች አያውቁም። ደብቄዋለሁ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ዘንድሮ ገና ረቡዕ ዋለ። ሌሊቱን በደብራችን አድረን፣ ልጄ ሻማውን ይዞ እስከ መጨረሻው ቆሞ፣ ሊነጋጋ ሲል መኪና ውስጥ እንቅልፍ ጣለው። ጠዋት ለትምህርት ቤቱ የቀረበትን ምክንያት በስልኬ ስጽፍ «ትኩሳት አለው» ብዬ ጻፍሁ። ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ያነባል፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል። «እማዬ፣ ገና በሽታ ነው እንዴ?» አለኝ።

አባቶቼ፣ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስሁለትም። ሌሊቱን ሙሉ በእልልታና በጸናጽል ያየው በዓል ሲነጋ የሚደበቅ ነገር ሆነበት። በኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት መዋሸት ጨርሶ አያስፈልግም ነበር፤ በሜሪላንድ ደንብ ሃይማኖታዊ በዓል ማክበር ተማሪ በሕጋዊ መንገድ ከሚቀርባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ይህን የነገረችኝ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ግን ልጄን መዝሙር እንጂ ይህን አላስተማረውም፤ እኔንም ማንም አልነገረኝ።

ሦስተኛው በጣም ያፈርሁበት ነው። በአንድ ፎቅ አብራኝ የምትሠራ የወሎ ልጅ አለች፤ ሙስሊም ናት። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ሁለታችን ባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠን ስለ ሀገር ቤት እናወራ ነበር፤ እሷ ውኃም አትቀምስም፣ እኔ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ። ዒድ ሲቃረብ ከመስጊዷ አንድ ገጽ ደብዳቤ አመጣች። የበዓሉ ስም፣ ቀኑ በጨረቃ መታየት አንድ ቀን ሊለዋወጥ እንደሚችል፣ ከታች ፊርማና ስልክ ቁጥር፤ ሌላ ነገር የለውም። ዕረፍቱ ተፈቀደላት፤ በምትኩ አንድ እሑድ ሠራች። «አንቺስ ለስቅለት ለምን አታመጪም?» አለችኝ። ምን ልበላት? ቤተ ክርስቲያኔ በሥራዬ ጣልቃ አትገባም ልበላት? «የእኛ ቢሮ ጊዜ ይወስድበታል» ብዬ ሸፈንሁ። ደብሬን ከትዝብት ለማዳን ዋሸሁ።

ስቅለትም ደረሰ፤ ሚያዝያ 2፣ በእነርሱ ኤፕሪል 10። የእነርሱ ጉድ ፍራይደይ ከሳምንት በፊት አልፏል። ሱፐርቫይዘሬን ዕረፍት ስጠይቃት በክፋት ሳይሆን በመገረም «ጉድ ፍራይደይ አልፎ የለም እንዴ?» አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ለደም ግፊትና ለሰውነት ሙቀት ይበቃል፤ ባሕረ ሐሳብን ለማስረዳት ግን አልበቃ አለኝ። እሷም «ከቤተ ክርስቲያንሽ አንድ ወረቀት ብታመጪ ለኤች.አር. አሳይልሽ ነበር» አለች። ወረቀቱ ያልኋችሁ ያ ወረቀት ነው።

የዚያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሠራሁ። ቀትር ላይ የምሳ ዕረፍቴን ይዤ አንሶላና ፎጣ የሚቀመጥበት ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ሁለት ጋሪ ቆሞበት አንድ ሰው ብቻ የሚሰግድበት ቦታ ይተርፈዋል። ወለሉ ሰም ተቀብቶ ነበርና ግንባሬ በነካው ቁጥር ሽታው አፍንጫዬ ይገባል። ኪርያላይሶን እያልሁ ሃያ ሦስት ደረስሁ። ሃያ አራተኛው ላይ ከውጭ የጥሪው ደወል ጮኸ፤ አንዲት አሮጊት መጸዳጃ ቤት መሄድ ፈልገዋል። ተነሥቼ ሄድሁ። እሳቸውን ደግፎ ማንሣት ከስግደት ያንሳል አልልም፤ የታመመ መጠየቅ ለክርስቶስ እንደሚቆጠር እናንተው አስተምራችሁኛል። የቆጨኝ በሩን መዝጋቴ ነው። እንዳልሰግድ የከለከለኝ ማንም የለም፤ እንደምሰግድ ያወቀም የለም። ማታ ከሥራ ወጥቼ ደብር ስደርስ ሰዉ ተሰናብቷል። አንድ ዲያቆን ምንጣፍ ይጠቀልላል፤ ለጥብጣብ የዋለች የወይራ ዝንጣፊ ወለሉ ላይ ወድቃለች። አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኋት፤ አሁንም እዚያው ናት።

ጉባኤው ለውሳኔው የሰጠኝ ምክንያቶች ሦስት ናቸው። በጥሞና አዳመጥኋቸው፤ በጥሞናም ልመልስ።

አንደኛው «ሀገሩ ዓለማዊ ነው፤ ሃይማኖትና ሥራ አይገናኙም» የሚል ነው። ይህ ግን እኛው በራሳችን ላይ ያወጣነው ሕግ ነው፤ የሀገሩ ሕግ እንዲህ አይልም። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ታይትል ሰቨን የሚባል ክፍል አለው፤ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ይመለከታል። በ1972 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል አሠሪው ከመጠን ያለፈ ጫና ካልደረሰበት በቀር የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ሥርዓት እንዲያስተናግድ በግልጽ ተጻፈበት። እርግጥ በ1977 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅዳሜ አልሠራም ባለ አንድ የአየር መንገድ ሠራተኛ ጉዳይ፣ አሠሪ ከጥቃቅን ወጪ ያለፈ ሸክም እንዲሸከም አይገደድም ብሎ በሩን አጥብቦት ነበር። 46 ዓመት እንደ ጠበበ ቆየ።

ከዚያ ጄራልድ ግሮፍ የሚባል የፔንሲልቬንያ ፖስታ አመላላሽ መጣ። ፖስታ ቤቱ የአማዞንን ጥቅል እሑድ እሑድ ማደል ሲጀምር ሰውየው ሰንበቴን አልሽርም አለ፤ ቅጣት ሲደራረብበት በ2019 እ.ኤ.አ. ሥራውን ለቀቀና ክስ መሠረተ። ከታች ያሉት ፍርድ ቤቶች አልፈረዱለትም። ሰኔ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ አሠሪው «አልችልም» ለማለት ከሥራው ጠባይና ስፋት አንጻር ከባድ የሆነ ተጨማሪ ወጪ እንደሚደርስበት ማሳየት አለበት ብለው ወሰኑ፤ ጉዳዩም በዚህ መለኪያ እንደገና እንዲታይ ወደ ታች ተመለሰ። ግሮፍ የእኛን በዓል አያውቅም፤ ማኅሌት ሰምቶም አያውቅ ይሆናል። በሩን ግን ለእኛም አሰፋው።

ከልክ በላይ ተስፋ እንዳልሰጥ ደግሞ ይህን ልጨምር። ሕጉ ዕረፍቱ በክፍያ ይሁን አይልም፤ ሺፍት መቀያየርም ሊበቃ ይችላል። በኅብረት ስምምነት የተረጋገጠ የነባር ሠራተኛ ቅድሚያም ለእኔ ተብሎ አይሻርም። የካህን ደብዳቤ የግድ ነው ብሎም አልደነገገም፤ ሠራተኛው ጥያቄው ከሃይማኖት የመጣ መሆኑን ማሳወቁ ዋናው ነው። ታዲያ ደብዳቤው ለምን አስፈለገ? የእኛ በዓል በግድግዳቸው ካላንደር ላይ ስለሌለ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ ከእነርሱ አምስት ሳምንት ይርቃል፤ የእነርሱ ማርች 28፣ የእኛ ሜይ 2 ቀን 2027 እ.ኤ.አ.። እነርሱ የቸኮሌት እንቁላል ሲበሉ እኛ ሁዳዴን ከገባን ገና ሦስተኛ ሳምንታችን ይሆናል። ይህን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ኮሪደር ላይ ቆማ ስታስረዳና ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ሲያስረዳ አንድ አይደለም።

መጠየቅ እንደሚያዋጣ ከራሴ አንገት አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት የአእምሮ መርሳት ያለባቸው አረጋውያን ክሩን ሊስቡት ይችላሉ ተብሎ ማተቤን እንዳወልቅ ተነግሮኝ ነበር። ያን ጊዜ አልዋሸሁም። በጥምቀቴ ቀን የታሰረልኝ እንደሆነ ነገርኋቸው፤ አሳጥሬ ከልብሴ ሥር ላድርገው አልሁ፤ ተስማማን። በአውሮፓም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ናዲያ ኢዌይዳ የተባለች የእኅት ቤተ ክርስቲያናችን የኮፕት ልጅ፣ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ሠራተኛ ነበረች፤ በ2006 እ.ኤ.አ. መስቀሏ ከልብሷ በላይ በመታየቱ ከሥራ ተመለሰች። በስትራስቡርግ ያለው የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ፈረደላት። በዚያው ቀን ግን ሸርሊ ቻፕሊን ለተባለች ነርስ አልፈረደላትም፤ ሆስፒታሉ የሕሙማን ደኅንነት የሚል በቂ ምክንያት ነበረው። ሁሉም ጠያቂ አያገኝም። ያልጠየቀ ግን ምን ሊያገኝ ይችል እንደነበር እንኳ ሳያውቅ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያታችሁ «ደብዳቤ ብንጽፍ ከግብር ነጻነታችን ጋር ይጋጭብናል፤ ፖለቲካ ነው» የሚል ነው። በዚህ ሀገር ከግብር ነጻ የሆነች ቤተ ክርስቲያን ከፖለቲካ በኩል በዋናነት የተከለከለችው ለምርጫ ዕጩ መቀስቀስ ነው። «ስቅለት በዚህ ቀን ይውላል» ብሎ መጻፍ ማንንም አያስመርጥም። ደግሞስ ደብሩ ደብዳቤ መጻፍ መቼ አቆመ? ለኢሚግሬሽን ጉዳይ የአባልነት ማስረጃ ይጻፋል፤ የክርስትናና የጋብቻ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ለመኖሪያ ፈቃዳችን የቆመልን ማኅተም ለጾማችንና ለበዓላችን ሲሆን ለምን ይደርቃል?

ሦስተኛው «ለአንዱ ከጻፍን ለሁሉም ልንጽፍ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የማይመጣውም ለዕረፍት ሲል ይወስዳል» የሚል ነው። ስጋቱ ይገባኛል፤ ስም ጠርታችሁ ስለ ሰው ቅድስና እንድትመሰክሩ ግን አልጠየቅሁም። ደብዳቤው ስለ በዓሉ ይመስክር፤ ስለ ሰውየው እሱው ይጠየቅበት። ለሁሉም ይጻፍ ብዬ ነው የምለምነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚዘጋጅ አንድ ገጽ ነው፤ የቀረው ማባዛት ነው። እንዲያውም ከደጃፉ የራቀው ሰው ያን ወረቀት ሊወስድ ቢሮ ሲመጣ እግረ መንገዱን ወደ ቅጽሩ ይገባ ይሆናል።

ሌላው ቅሬታዬ ስለ ጥምቀት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዓሉ በሥራ ቀን ሲውል ወደ ቅዳሜ እንዲዛወር ተወስኗል። የወሰናችሁት ስለ እኛ አስባችሁ መሆኑን አልጠራጠርም፤ የጥር ብርድ፣ የአዳራሽ ኪራይ፣ ካህናቱም እንደኛ በሥራ ቀን ደመወዝ ፍለጋ የሚወጡ መሆናቸው ሁሉ ይታወቀኛል። ዘንድሮ የሆነውን ግን አስታውሱ። ጥር 11 ሰኞ ዋለ፤ ያ ሰኞ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ነበር፤ ትምህርት ቤትና የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተዘግቷል። እግዚአብሔር ሁለቱን ቀን ገጥሞ ሲሰጠን እኛ ቅዳሜ አክብረን ጨርሰን ነበር። ለልጄ በመጀመሪያ ቅዳሜ ጥምቀት ነው አልሁት፤ ሰኞ ደግሞ ስልኬ ላይ ጃን ሜዳን አይቶ «ጥምቀት ስንት ጊዜ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በሰው ልጆች ቅርስነት የመዘገበው በዓል ነው፤ ዓለም መዝግቦት ሳለ እኛ ለዓለም ስኬጁል ስንል ቀኑን ለቀቅነው።

እሑድ እሑድ በዐውደ ምሕረት ላይ ዓለሙ እየዋጠን መሆኑ ይነገረናል። እውነት ነው። ነገር ግን ዓለሙ የሚውጠን ሰኞ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ብቻችንን ነን። ዳንኤል በባቢሎን ቤተ መንግሥት ጥራጥሬ የበላው ማዕዱን ገልብጦ ወይም ተደብቆ አይደለም። የበላዩን አለቃ በትሕትና ጠየቀ፤ የዐሥር ቀን ሙከራ ይሁንልን አለ፤ ተፈቀደለት። ነህምያም የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሰምቶ ሲያዝን፣ የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ስለነበር፣ ከሥራው ዕረፍት ጠየቀ። ንጉሡም እንደ ዛሬ ሱፐርቫይዘር መቼ እንደሚመለስ ጠየቀው፤ ነህምያም ቀኑን ቆረጠለት። ከዚያም ለየአገሩ ገዥዎች የሚያሳየው ደብዳቤ ለመነ፤ ተጻፈለት። ለነህምያ ደብዳቤ የጻፈለት አሕዛብ ንጉሥ ነው። እኔ የምለምነው ከአባቶቼ ነው።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቃችሁ እነዚህን አምስት ነገሮች ነው፦

1. የጾማትንና የዐበይት በዓላትን ቀን፣ ከምዕራባውያኑ ለምን እንደሚለይና በዕለቱ ምን እንደሚደረግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚገልጽ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዘጋጅ፤ ለጠየቀ ምእመን ሁሉ ይሰጥ። ከትምህርት ቤት ለሚቀሩ ልጆችም እንዲሁ።

2. የዓመቱ የበዓላት ዝርዝር በፈረንጅ ቀን ተጽፎ በመስከረም ወር ይታደል። ብዙዎቻችን የዓመት ዕረፍታችንን የምናስመዘግበው ቀደም ብሎ ነው፤ በዋዜማው የሚነገረን ማስታወቂያ ለስኬጁል አይደርስም። የሚቀጥለው ዓመት ገና ጃንዋሪ 7 ሐሙስ፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ማክሰኞ፣ የሁዳዴ መግቢያ ማርች 8 ሰኞ፣ ስቅለት ኤፕሪል 30 ዓርብ መሆናቸው ከወዲሁ የታወቀ ነው።

3. ታቦት ወጥቶ የሚከበረው በዓል በቅዳሜ ቢሆንም እንኳ በጥር 11 ንጋት ላይ፣ ሰው ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ ጸሎተ ጥምቀት ይደረግና ጸበል ይረጭ። ሃያ ሰው ቢመጣም ይበቃል። ልጆቻችን ቀኑን ይወቁት።

4. በስቅለት ከሥራ መቅረት ላልቻለ ሰው ማታ አንድ ሰዓት የሚሆን የስግደትና የጸሎት ጊዜ ይዘጋጅ፤ አንድ ካህን ይቆይልን። አምሽተን የምንመጣ ከሃምሳ አናንስም።

5. በዓመት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከመካከላችን ያሉ የሕግ ባለሙያዎችና በሰው ኃይል ቢሮ የሚሠሩ ልጆቻችን ዕረፍት እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ማተብ፣ ጾምና ሺፍት እንዴት እንደሚታረቁ ያስረዱን። የስኳር በሽታ ያለበትና ሌሊት የሚሠራ ሰው እንዴት እንደሚጾም ደግሞ አባቶች በግልጽ ምከሩን፤ ብዙ ሰው ይህን ለመጠየቅ ያፍራል።

ከእነዚህ ውስጥ ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ለመጀመሪያው ደብዳቤ ረቂቅ ያስፈልጋል ከተባለ ሁለት የደብሩ ልጆች አዘጋጅተን ለማቅረብ ዝግጁ ነን፤ ማረሙና መፈረሙ የእናንተ ይሁን። ጉባኤው ተነጋግሮበት በፍልሰታ ሱባኤ ምእመኑ በሚሰበሰብበት ጊዜ ውሳኔውን ቢያሰማን መስከረም ሳይጠባ ለሥራ ቦታችን እንደርሳለን። መልሱ «አይሆንም» ከሆነም ምክንያቱ ለጉባኤው ሁሉ እንዲነገር እለምናለሁ፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ለወሎዋ እኅቴ እውነቱን እነግራታለሁ።

ለልጄም የምመልሰው መልስ አገኛለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በሚቀጥለው ገና ጠዋት ያንን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ለትምህርት ቤቱ እንዲልከው ስልኬን ለራሱ እሰጠዋለሁ። ስቅለትም ሚያዝያ 22 ይደርሳል። እግዚአብሔር ቢፈቅድና እናንተ ብትረዱኝ ግንባሬን የምደፋው ከእናንተ ጋር በቤተ መቅደሱ ነው። ሺፍቱ ከጠናብኝ ያው የአንሶላው ክፍል አለ፤ በሩን ግን ከእንግዲህ አልዘጋውም።

ቡራኬያችሁ አይለየኝ።

የመንፈስ ልጃችሁ፣
ከደብሩ ምእመናን አንዷ